የዓሚ ሀሰን ጣትና ቀዩ መዝጊያ

ለሚመለከተው ሁሉ። በጅዳ፣ በመካና በመካከላቸው ባለው አስፋልት ላይ ለምትገኙ፣ ኢቃማ ላላችሁም፣ ለሌላችሁም፣ ያላችሁ ለሚመስላችሁም፤ መስከረም 18 ቀን 2006 ዓ.ም. የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን በተሰማበት ቅጽበት፣ በመካ ከተማ በዓዚዚያ ሰፈር፣ በአንድ የሐጃጆች ማረፊያ ሕንፃ፣ የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ዓሚ ሀሰን በቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት፣ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ያለችውን ቀይ የመዝጊያ ምልክት አንድ ጊዜ መጫናቸውን፣ ፕሮግራሙም ወዲያውኑ መዘጋቱን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰማይ አልተደረመሰም። ዓሚ ሀሰን ተነሥተው፣ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገብ አውርደው፣ ጎንበስ ብለው በሥሩ ወጡና ወደ መስጊድ ሄዱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ፕሮግራሙን ሲከፍቱት ግን፣ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ጣት እየለቀሙ ያስገቧቸው የአርባ ሦስት ሐጃጆች ስም ከነክፍል ቁጥራቸው የለም። ሠንጠረዡ እንደ አዲስ የኢሕራም ልብስ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው።

ፕሮግራሙን የሠራው ሙሐመዲን ከጎናቸው ቆሞ ነበር። ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ሰው የመስማት ዕድል እንኳ አላገኘም።

ሙሐመዲን የወረባቦ ልጅ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ። በኮምፒውተር ሳይንስ በማዕረግ ተመርቋል። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ ግን «የቤት ሹፌር» ይላል። መኪና ቀርቶ ብስክሌት ነድቶ አያውቅም። ቪዛውን ያወጣለት ከፊል፣ ማለትም በሕግ አሠሪው የሆነው ሰው፣ ጧኢፍ አካባቢ እንዳለ ይነገራል፤ ሙሐመዲን በዓይኑ ያየው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ከጀርባው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጅዳ፣ ጉለይል ውስጥ ከሌሎች ጋር በተጋራት ክፍል ተቀምጦ የሰው ስልክና ኮምፒውተር ሲጠግን ኖረ፤ ማንም «መኪናህ የታለ?» አላለውም።

በዚያ ዓመት ግን መንግሥት ቆረጠ። ወረቀቱና ሥራው የማይገጥም ሁሉ እስከ ጥቅምት 24 ድረስ ያስተካክል፤ ከዚያ በኋላ ፍተሻው በየቤቱ ይሄዳል ተባለ። ሙሐመዲን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነቅል ከፋላ፣ ከአንዱ ከፊል ወደ ሌላው የሚያዛውር ፊርማ። ፊርማው ከተገኘ በካርዱ ላይ «ሹፌር» የሚለው ይፋቅና «ሙበርሚጅ» ይባልለታል፤ ፕሮግራም ሠሪ ማለት ነው። ካልተገኘ ያልነዳው መኪና ተሳፋሪ ሆኖ ወደ አገሩ ይሸኛል።

ፊርማው በአቡ ራያን እጅ ነበር። አቡ ራያን የዓዚዚያው ሕንፃ ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ሙዲር»፣ አለቃ፣ ይላቸዋል። በየዓመቱ ሐጅ ሲደርስ ሕንፃቸው ውስጥ አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ እየተሰጠ፣ ሽማግሌዎች በኮሪደር ሻንጣ እየተጓተቱ ስማቸው ጠፍቷል። ሙሐመዲንን አስጠርተው ውላቸውን በአጭሩ ተናገሩ፦ የክፍሎቹን ድልድል የሚይዝ ፕሮግራም ሥራልኝ፤ የዘንድሮ ሐጅ ያለ ሁከት ካለፈ እፈርምልሃለሁ። እስከዚያው መካ መግቢያ ተስሪህ ሰጡት፤ በሐጅ ወራት ያለዚያ ፈቃድ ከፍተሻው ኬላ የሚያልፍ የለም።

ሙሐመዲን አጥርቶ የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ነው፤ የድረ ገጽ ቋንቋ። ሕንፃው ውስጥ ደግሞ ሐጃጁ ሲገባ ሁሉም ስልኩን ይዞ ስለሚረባረብበት ኢንተርኔቱ ይሞታል። ደግነቱ ያን ሰሞን ድረ ገጽን የተራ ፕሮግራም ልብስ አልብሶ፣ ያለ ኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ ነፃ መሣሪያ ወጥቶ ነበር። ውስጡ ድረ ገጽ፣ መታወቂያው ፕሮግራም። ውስጡ ሙበርሚጅ፣ መታወቂያው ሹፌር የሆነ ሰው ይህን መሣሪያ ሲያይ ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ አለው።

ዘመድ ግን ጠባዩን ካላወቁለት ያዋርዳል። በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ፕሮግራም ሥራው መጠበቅ ነው። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አድርግ፣ ያ ሣጥን ሲሞላ ያን አድርግ ትለዋለህ፤ የሚነካውን፣ የሚሞላውን ነገር «ክስተት» ይሉታል። በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ ነው፤ ካልነገርከው ለምንም አይነሣም። ሙሐመዲን ለዘበኛው ብዙ ነገር ነግሮት ነበር። አረንጓዴዋ «አስቀምጥ» ስትጫን ስሞቹን ፋይል ውስጥ ጻፍ ብሎታል። «ሲዘጉህስ?» የሚለውን ግን አልነገረውም። የድረ ገጽ ልማድ ነው፤ እዚያ ሰው ወጣ ማለት ወጣ ነው፣ ማንም አንተን አያስፈቅድም።

ወደ መስከረም 18 እንመለስ። የአርባ ሦስቱ ሰዎች ስም በጠፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ፎቆቹን የምታጸዳው ረሂማ በደረጃው ወርዳ አራተኛ ፎቅ አንድ በር ላይ ሁለት ባልና ሁለት ሚስት አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው እንደቆሙ፣ ከመካከላቸውም ማንም ሊስቅ እንዳልፈለገ ተናገረች። አቡ ራያን መጡ። አልጮኹም። ሙሐመዲንን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ሌላ ሥራ፣ ይልቁንም ሌላ አገር እንዲፈልግ በትሕትና መከሩት።

ያኔ ሙሐመዲን ቀላሉን መንገድ ሞከረ። ዓሚ ሀሰንን ሊለምን ሄደ። ዓሚ ሀሰን የቃሉ ወረዳ ሰው ናቸው፤ መካ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን እዚያ ወንበር ላይ ነው ያሳለፉት። ዓረቡም ሐበሻውም «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ የመስጊዱ የፊት ረድፍ አምልጧቸው አያውቅም። አዛኑ «አላሁ» ብሎ ሳይጨርስ እጃቸው የያዘውን ይለቃል፤ እስክሪቢቶ ከሆነ እስክሪቢቶ፣ ሻይ ከሆነ ሻይ።

«ዓሚ፣ ከመዝጋትዎ በፊት አረንጓዴዋን አንዴ ብቻ ይንኩልኝ» አላቸው።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ሰከንድ።»

«አንተ ሲጠሩህ ‹አንድ ሰከንድ› ትላለህ?»

ነገሩ አለቀ። ዓሚ ሀሰን አይለወጡም፤ መለወጥ ያለበት ፕሮግራሙ ነው።

እሑድን ጉለይል ዋለ። የክፍል ጓደኛው ሙክታር በባሕር፣ በየመን በኩል የገባ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከወረቀት ጋር ትውውቅ የለውም። ያን ቀን ሥራ ስላላገኘ የዓሚ ሀሰንን ቦታ ተክቶ ጣቱን ለሙከራ አዋሰ። ሙሐመዲን መሣሪያውን ሲያገላብጥ እስከ ዛሬ ያላስተዋለው ደግነት አገኘበት። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ድረ ገጽ ድንገት አይገደልም፤ ሊዘጋ ሲል «እየዘጉኝ ነው» ብሎ ይናገራል። መዘጋትም ክስተት ነው። ሙሐመዲን ዘበኛውን ጠርቶ፣ ሊዘጉህ ሲመጡ መጀመሪያ ስሞቹን አስቀምጥ አለው። ሙክታር ቀዩዋን ተጫነ። ፋይሉን ከፍተው ሲያዩት ስሞቹ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል። ሙክታር «አቶ ሹፌር፣ ዛሬ ነዳህ» አለው።

ችግሩ፣ ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ አልተዘጋም ነበር። የሙሐመዲን ላፕቶፕ ግን ባትሪው ካልተነቀለ የማይጠፋ፣ ሁሉ ነገር የሚደርቅበት ጉድ ስለሆነ ሁለቱም ልብ አላሉትም። እንደ ልማዳቸው ባትሪውን ነቅለው ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ።

ሰኞ፣ የዓስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት አዛን። ዓሚ ሀሰን የአንድ ሐጅ ስም ግማሽ ላይ ደርሰው ነበር፤ «ዓብዱረ» ብለው ሲጽፉ አዛኑ ጠራ። ጣታቸው ወደ ቀዩዋ ሄደች። ተጫኑ። አልተዘጋም። ደገሙት። ሙሐመዲን ከኋላቸው ሆኖ ቆጥሯል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጫኑ። ፕሮግራሙ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስሞቹን በትጋት አስቀመጠ፤ አንድም ጊዜ አልተዘጋም። በኋላ እንደገባው፣ የመዘጋቱን ወሬ ሊሰማ ጆሮውን ከሰጠ ጀምሮ መሣሪያው «እንግዲያውስ ራስህ ዝጋው» ብሎ ጣጣውን ለሙሐመዲን ጥሎለታል። ሙሐመዲን ደግሞ «ዝጋ» የሚል ቃል የትም አልጻፈም።

ዓሚ ሀሰን ወንበራቸው ላይ ተሰፍተው ቀሩ። ኮምፒውተር ክፍት ትተው መሄድ በእሳቸው ዘንድ ሱቅ ክፍት ትቶ እንደ መሄድ ነው። በመጨረሻ «ሸይጧን» አሉት፤ ለፕሮግራሙ ይሁን ለሙሐመዲን አልለዩም። ተነሥተው ሲሮጡ የሶላቱ የመጀመሪያ ክፍል፣ አንደኛው ረከዓ፣ አምልጧቸዋል። የፊት ረድፍ ያለ ዓሚ ሀሰን መቆሙን ሰፈሩ ሁሉ አየ፤ ታመው መስሎት ሊጠይቅ የመጣም ነበር።

አቡ ራያን የሰሙት ከመስጊድ ሲወጡ ነው። ገብተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ተስሪሁን ተቀበሉ።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «ስም መጥፋቱን ችዬ ነበር። ይህን ሰው ከሶላቱ ያስቀረ ግን ሕንፃዬ አይገባም።»

ሙሐመዲን በዚያው ቀን ጅዳ ተመለሰ። ጥቅምት 24 ከዚያ ወዲያ የቀን ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው ስም ሆነበት፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው።

ዐርብ ረፋድ ላይ ረሂማ ደወለች። ዕረፍቷ ስለሆነ ጅዳ፣ በግዳዲያ የሚባለው ሰፈር፣ እኅቷ ቤት መጥታለች፤ ዕቃህ መቀበያው ላይ ቀርቶ ነበር፣ ይዤልሃለሁ፣ መጥተህ ውሰድ አለችው። ሄደ። ዕቃው የቻርጀር ገመድ ነበር። እሷ ግን ገመድ ለመስጠት ብቻ የምትጠራ ሴት አይደለችም።

«ባለ ወንበሩ ሰውዬ ያንለት ከመስጊድ ሲመለስ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?» አለችው።

«ሰደበኝ?»

«ስድብ እንኳ ደግ ነው። ጽሑፉ ባለበት ነበር። የጀመራት ስም ግማሿ እንደተጻፈች፣ ያቺ የምትብለጨለጭ ጭረት ጫፏ ላይ ቆማ። እሱ ግማሿን ስም እያየ ቆሞ፣ እኔ መሬቱን ጠርጌ ጨረስኩ። ከዚያ ተቀምጦ የቀረችውን ጻፈ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ? ሰው እንደዚያ ሲቆም ዐይቼ አላውቅም፣ ወንድሜ። አላህ ያውቃል።»

ሙሐመዲን የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። እስከዚያ ሰዓት ሲያስብ የነበረው ስለ ተጠናቀቁ ስሞች ነው። አዛን ግን ስም እስኪጠናቀቅ አይጠብቅም፤ ሰውን ፊደል መሐል ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሠንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ግማሿንም ስም፣ ጭረቷ የቆመችበትንም ቦታ ይዞ መተኛት፣ ሲከፈትም እዚያው መንቃት አለበት። ረሂማን እስከ ማታ እንድትቆይለት ለምኖ ወደ ጉለይል በረረ።

ግማሹን ስም ማስቀመጡ አላስቸገረም። መዝጋቱ አስቸገረ። ዘበኛውን፣ ስሙን ካስቀመጥክ በኋላ «ዝጋ» በል አለው። ሙክታር ቀዩዋን ሲጫን ስክሪኑ እንደ ታመመ ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ሌላ መዘጋት ነው፤ ዘበኛው እንደገና ይሰማል፣ እንደገና ያስቀምጣል፣ እንደገና «ዝጋ» ይላል።

ሙክታር ሳቀ። «‹ልሂድ› ይላል፤ ‹ሂድ› ሲሉት በር ላይ ቆሞ እንደገና ‹በቃ ልሂድ› ይላል። የኛ አገር ስንብት ነው።»

ሙሐመዲን የመሣሪያውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበበው። መልሱ አንድ ቃል ነበር። «ዝጋ» ከሚለው ትእዛዝ ቅንፍ ውስጥ «እውነት ነው» የሚል ትርጉም ያላት ቃል ትገባለች፤ የምሬን ነው፣ ሌላ ማንንም አትጠይቅ እንደማለት። ጻፋት። ሙክታር «ዓብዱረ» ብሎ ጀምሮ ቀዩዋን ተጫነ። ፕሮግራሙ በዓይን ጥቅሻ ተዘጋ። ሲከፍቱት ስሟ ግማሽ ላይ፣ ጭረቷም ጫፏ ላይ ነበረች። ባትሪውን አልነቀሉም። ሙክታር ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ዘጋው፤ ሃያ ጊዜም ያቺው ግማሽ ስም ጠበቀችው።

የታረመውን ፕሮግራም የያዘውን ፍላሽ ለረሂማ ሲሰጣት፣ ሰክተው አንዲት ምልክት ሁለቴ መጫን ብቻ እንደሚበቃ ነገራት። እሷ ደግሞ ደንበሯን አሰመረች፤ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ጠረጴዛ ስትወለውል ፍላሹን ኪቦርዱ ላይ ትተወዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለ ወንበሩ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሐጃጁ ገባ፣ ዓረፋ አለፈ፣ ዒድ አለፈ። ሙሐመዲን ጉለይል ሆኖ የሰው ስልክ እየፈታ ይጠብቃል። ፍላሹ ይሰካ፣ ቆሻሻ ቅርጫት ይግባ የሚነግረው የለም፤ ረሂማ በሥራ ብዛት ስልክ አታነሣም። ሙክታር አንድ ቀን፣ በዕድሜዬ እንዳንተ «ክስተት» የሚጠብቅ ዘበኛ አላየሁም አለው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቡ ራያን ራሳቸው ደወሉ። «ያላ፣ ና» ብቻ ነበር ያሉት።

ሐጁ ስላበቃ ኬላው ተስሪህ አልጠየቀውም፤ ዓዚዚያ ሲደርስ የሆነውን ረሂማ ደረጃው ሥር ይዛ በሹክሹክታ ነገረችው። በሐጁ ሙቀት የማረፊያ ቤቶች ተቆጣጣሪዎች ድንገት መጥተው ማን የት ክፍል እንዳደረ ዝርዝር ጠየቁ። አቡ ራያን፣ ዓሚ ሀሰን ስሞቹን ይጽፉበት ወደነበረው የድሮ ደብተር የተመለሱ መስሏቸው ቀለማቸው ጠፍቶ ነበር፤ ደብተሩን ዓምና ያዩት ተቆጣጣሪዎች ናቸው የመጡት። ዓሚ ሀሰን ግን ኮምፒውተሩን ከፍተው አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም አትመው ሰጡ። ተቆጣጣሪዎቹ ፎቅ ለፎቅ ዞረው አንኳኩ፤ ከየበሩ የወጣው ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ሆነ። አቡ ራያን «ይህ የማን ሥራ ነው?» ሲሉ ዓሚ ሀሰን «የልጁ» ብለው ወደ ቁልፎቻቸው ዞሩ። ፍላሹን ማን፣ መቼ፣ በምን ድፍረት እንደሰካው ግን ማንም አላየም።

አቡ ራያን መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ዘርግተው እስክሪቢቶ ይዘዋል።

«እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ» አሉ። «ግን ይህ ልጅ የበደለው እኔን ሳይሆን አንተን ነው፣ ዓሚ ሀሰን። ሃያ ሁለት ዓመት ያላመለጠህን ረድፍ ያስመለጠብህ እሱ ነው። አትፈርም ካልከኝ አልፈርምም።»

ዓሚ ሀሰን እየጻፉ ነበር። ሙሐመዲን ጣታቸውን አየ፤ ከፊደል ወደ ፊደል እንደ ዶሮ እየጫረች ትሄዳለች። ቅጹ ላይ ያለው ባዶ መስመር ከእጁ መዳፍ አይበልጥም። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። አንድ የይቅርታ ቃል ለመፈለግ ሲሞክር የዙህር አዛን ጠራ።

ጣቷ ስም መሐል ቆመች። ወደ ቀዩዋ ወጣች። ተጫነች። ፕሮግራሙ ያለ አንዲት ማመንታት ተዘጋ።

ዓሚ ሀሰን ተነሡ፤ የብረት መዝጊያውን እስከ ወገብ አወረዱ። ጎንበስ ሲሉ ዘወር ሳይሉ «ፈርምለት» አሉና በሥሩ ወጡ።

አቡ ራያን ፈረሙ። ከዚያም ያላለቀች ነገር እንዳለች ሁሉ ሌሎቹ ሁለት ሕንፃዎቻቸውም ለሚቀጥለው ሐጅ ፕሮግራሙ እንደሚያስፈልጋቸው ጨመሩ። እሑድ ዕለት፣ በሩ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ዝውውሩ መዝገብ ገባ።

ጥቅምት 25 ፍተሻው ጉለይልን አጥለቀለቀው። ሕንፃዎቹ በሮቻቸውን ዘጉ፣ ሰው ሲራመድ ግድግዳ እየተደገፈ ሆነ። ሙክታር ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሎች ጋር ራሱን ሰጥቶ ወደ አገሩ ተሳፈረ። ደሴ ሆኖ ሲደውል ድምፁ ደኅና ነበር፤ «እኔ ቀዩዋን ተጭኜ ወጥቻለሁ፣ ግማሽ ስሜ ግን እዚያ ቀርቷል፤ እንዳታጠፋብኝ» አለው። ሙሐመዲን አላጠፋም። የሙከራ ፋይሉ ውስጥ «ዓብዱረ» ከሚለው ሥር «ሙክ» ብሎ ጻፈ፤ እስከ ዛሬም አለች።

አዲሱ ኢቃማ በወጣ ቀን ሙሐመዲን ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ቤት ዳቦ ነበረ። በመንገዱ መሐል፣ እንደ ሙሽራ እርምጃ እየቆጠረ ሄደ። ፖሊስ አስቆመው። ካርዱን አየ፣ እሱን አየ።

«ሙበርሚጅ?»

«ሙበርሚጅ።»

ፖሊሱ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ስልኩን አውጥቶ፣ ከሳምንት ወዲህ እንደሚንቀራፈፍ በቅሬታ ነገረው። ሙሐመዲን ጉለይል አደባባይ ላይ፣ ሦስት ዓመት ግድግዳ እየታከከ ባለፈበት መንገድ፣ የመንግሥትን ስልክ ቆሞ ጠገነ። ሲመልስለትም «ከመዝጋትህ በፊት አስቀምጥ» ብሎ መከረው።

በማግስቱ የመጀመሪያ ሥራው ዓዚዚያ ነበር። ዓሚ ሀሰን ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሕንፃው ባዶ ነው፤ የዓመቱን ስሞች በአንድ ጣት ወደ ማኅደር ያስገባሉ። ሙሐመዲን ካርዱን አሳያቸው። አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መለሱለት። ከአፉ የማትወጣ ጥያቄ ነበረችው፤ ከተፈረመለት ቀን ጀምሮ ይዟት የኖረ።

«ዓሚ፣ እንደዚያ አዋርጄዎት፣ ያንን ፍላሽ ለምን ሰኩት?»

ዓሚ ሀሰን የጀመሯትን ስም ፊደል በፊደል ጨረሱ። ሌላዋን ጀምረው፣ ግማሿ ላይ ቆመው፣ ጫፏ ላይ የምትብለጨለጨውን ጭረት አዩ።

«አልናገርም» አሉ።

«ለእኔ እንኳ?»

«አልናገርም አልኩህ።»